ሁለቴ የተከለከለች ተማሪና ፎርሙ ላይ ያልተጻፈው ወንድሟ

ጉዳዩ የአንዲት ወጣት ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ ታሪኳ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፣ ስሟ እንዲወጣ ግን አትፈልግም። በስታቲስቲክስ ተመርቃለች። ከዚያ በአንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ መረጃ እያጠራችና እየተነተነች ሦስት ዓመት ገደማ ሠርታለች። አሜሪካ ሄዳ ማስተርሷን ለመማር አመለከተች። የተማሪ ቪዛውን፣ ኤፍ-1 የሚባለውን፣ ሁለቴ ተከለከለች። በሦስተኛው አገኘች።

አሁን ያገኛት ሰው ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፦ «በሦስተኛው ምን ይዘሽ ገባሽ?» የሚጠብቁት የወረቀት ስም ነው። አንድ ልዩ ደብዳቤ፣ ወፈር ያለ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤት ካርታ። እኔ ፋይሏን ያየሁት ከሁለተኛው እምቢታ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አብሬያት ተከታትያለሁ። እንዳየሁት ከሆነ ነገሩን የለወጠው የተጨመረ ወረቀት አይደለም። ማመልከቻው ራሱ ሌላ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ማመልከቻዎች ላይ የተጻፈችው ልጅና እውነተኛዋ ልጅ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው

ፕሮሰሱን የያዘላት አንድ ኤጀንሲ ነበር። ኮሌጁን የመረጡት እነሱ ናቸው፤ ትምህርቱንም እነሱ። የግል ኮሌጅ፣ ትምህርቱ ቢዝነስ አናሊቲክስ። ምክንያታቸው አጭር ነበር፦ ቶሎ ይቀበላሉ፣ አይ-20 ቶሎ ይልካሉ።

አይ-20 ለማያውቅ፣ ትምህርት ቤቱ የተቀበለውን ተማሪ በሴቪስ ውስጥ ከመዘገበ በኋላ የሚሰጠው ቅጽ ነው። ሴቪስ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ነው። ተማሪዋ ምን እንደምትማር፣ መቼ እንደምትጀምር፣ የዓመቱ ወጪ ስንት እንደሆነና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ቅጹ ላይ ይሰፍራል። ያለ እሱ ኤፍ-1 የለም። የእሷ አይ-20 የዓመቱ ወጪ ከ38,000 ዶላር በላይ ነው ይላል። ከፋዩ አጎቷ ናቸው፣ የእናቷ ወንድም። ነጋዴ ናቸው።

ኢንተርቪውው በመስታወት በኩል፣ በቁም፣ ሦስት ደቂቃ ቢሞላ ነው። ቆንስሉ፣ ማለትም ስለ ቪዛው የሚወስነው የኤምባሲው ሰው፣ ለምን ይህን ኮሌጅ እንደመረጠች ጠየቃት። ከኮሌጁ ድረ ገጽ የተሸመደደ ዓረፍተ ነገር መለሰች፤ የትምህርት ጥራት፣ ዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ልምድ ያላቸው መምህራን። ሥራሽ ጤና ነው፣ ቢዝነስ ከየት መጣ? አላት። ወደፊት የራሴን ድርጅት መክፈት እፈልጋለሁ አለች። ይህንም ኤጀንሲው ነው ያስጠናት። ማን ይከፍላል? አጎቴ። ልጆች አሏቸው? አዎ፣ አራት። የት ይማራሉ? እዚህ ላይ ተንተባተበች። ሁለቱ የት እንዳሉ በትክክል አታውቅም ነበር።

ፓስፖርቷ ከአንዲት ወረቀት ጋር ተመለሰላት። ወረቀቱ 214(ቢ) ይላል።

እውነቱን ለመናገር እኔም ቆንስሉን ብሆን አልሰጣትም ነበር። የራሳቸው አራት ልጆች ያሏቸው ሰው ለእህታቸው ልጅ በዓመት 38,000 ዶላር ይከፍላሉ፤ ልጅቷ ግን ስለ እሳቸው ቤት ብዙም አታውቅም። ሦስት ዓመት የሠራችበትን ሙያ ትታ፣ ለምን እንደሆነ በራሷ ቃል መናገር የማትችለውን ትምህርት ልትማር ነው። ሰውየው ክፉ መሆን አያስፈልገውም። የሰማውን ብቻ ደምሮ ነው የወሰነው።

ወረቀቱ የሚለውና የማይለው

214(ቢ) እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ጊዜያዊ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ፣ ጥቂት የቪዛ ዓይነቶች ሲቀሩ፣ ለመቅረት የሚሄድ ተደርጎ ይቆጠራል። እንዳልሆነ ማሳመን የአመልካቹ ፋንታ ነው። ቆንስሉ «ልትቀሪ ነው» ብሎ ማስረጃ ማቅረብ የለበትም። ጥርጣሬው ካልጠፋለት ይከለክላል፣ አለቀ።

የሚሰጠው ወረቀት ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የእሷ ጥፋት የቱ ላይ እንደሆነ አይነግራትም። አገርሽ ውስጥ ጠንካራ ትስስር እንዳለሽ አላሳየሽም የሚል ነገር አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ «ንብረት አምጪ» የተባለ ይመስለዋል። እሷም የአባቷን ቤት ካርታ ለማስተርጎም ሮጣለች። ቤቱ የአባቷ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ በአባቷ ቤት ምክንያት ትመለሳለች ብሎ የሚያምን ሰው ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የታደሰው የቆንስላዎቹ መመሪያም ይህንኑ ያውቅ ነበር። ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው፣ ሀብት የለውም፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ የለውም ይላል። ስለዚህ መታየት ያለበት አሁን ያለው ሐሳቡ ነው።

ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ይህን ለቤተሰቧ ማስረዳት ከባድ ነበር። አባቷ አሜሪካ የሚኖር ጠበቃ ይፈለግ፣ ክስ ይመሥረት ብለው ነበር። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ግን በቆንስል የቪዛ ውሳኔ ውስጥ በጣም ጠባብ ከሆኑ ሁኔታዎች በስተቀር አይገቡም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን እ.ኤ.አ. በጁን 2024 እንደገና አጽንቶታል፤ ያውም የአሜሪካዊት ባል በተከለከለበት ጉዳይ ላይ። ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከኮንግረስ አባል የሚጻፍ ደብዳቤም ውሳኔ አይገለብጥም።

ጥሩው ነገር 214(ቢ) ዕድሜ ልክ የሚከተል እገዳ አለመሆኑ ነው። ያቺን ማመልከቻ ብቻ ነው የሚዘጋት። የግዴታ የመጠበቂያ ጊዜ የለውም፤ በማግስቱም እንደገና ማመልከት ይቻላል። አዲስ ፎርም ይሞላል፣ አዲስ ክፍያ ይከፈላል፣ አዲስ ቀጠሮ ይያዛል። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከጁን 2023 ጀምሮ 185 ዶላር ነው። ቢከለከሉም አይመለስም። ታዲያ ወጥመዱ እዚሁ ነው። «መጠበቅ አያስፈልግም» ሲባል ሰው «ምንም መቀየር አያስፈልግም» ብሎ ይሰማዋል።

ሁለተኛው

ኤጀንሲው ያላት ይህንኑ ነው። «ሌላ ቆንስል ይደርስሻል።» በተመላላሾች ዘንድ ሙሉ የወሬ መጽሐፍ አለ መሰለኝ። ፀጉሯን ያሳጠረችው ሴትዮ ትከለክላለች፣ ባለመነጽሩ ይሰጣል፣ ሰኞ ጠዋት ጥሩ አይደለም። ከተሰለፉ ሰዎች መሀል ፎርሙን ደግሞ ያነበበ ግን ማግኘት ይከብዳል።

ያው ኮሌጅ፣ ያው ትምህርት፣ ያው አጎት። የተቀየረው የባንክ ስቴትመንቱ ነው። ቀጠሮው ሊደርስ ሲል አጎቷ ሂሳብ ውስጥ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ገባ። ከወዳጆቻቸው ተበድረው ነው፤ ቪዛው ሲወጣ ሊመልሱት። ስቴትመንቱን ያየ ሰው ወራቱን ሙሉ ዝቅ ብሎ የቆየ ሂሳብ በመጨረሻው ሳምንት ሲያብጥ ያያል።

ቆንስሏ ግን ስቴትመንቱን አላየችውም። ኮምፒውተሯን አነበበች። ከዚያ «ካለፈው ጊዜ ወዲህ ምን ተቀየረ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ «የባንክ ማስረጃ አምጥቻለሁ» አለች። አንድ ሌላ ጥያቄ ተጨመረ፣ ከምረቃ በኋላ ስለምትሠራው። ወረቀቷ ወጣ። ያው 214(ቢ)።

ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ያለፈው ቆንስል የጻፈው ማስታወሻ ነው። ማንኛውም ኢንተርቪው ሲያልቅ አጭር ማስታወሻ ይገባል፣ ከፎርሙ ጋር ይቀመጣል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቆንስል ያነበዋል። ሌላ ሀገር ያለ ቆንስላ ብትሄድም ያው ነው። ፓስፖርት ቀይሮ የእምቢታ ታሪክን ማጥፋት ይቻላል የሚል ምክርም ሰምታ ነበር። አሥር ጣቶቿ አሻራ ሰጥተዋል እኮ። ፓስፖርቱ ቢቀየር ጣቱ አይቀየርም።

«ምን ተቀየረ?» የሚለውን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። ዳግም ለሚያመለክት ሰው ኢንተርቪውው እዚያ ላይ ይጀምርና ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። እሷ የሰጠችው መልስ በተዘዋዋሪ «እኔ ላይ የተቀየረ ነገር የለም» የሚል ነው።

ፎርሙን ስንከፍተው

ወደ እኔ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። «ጋሼ፣ ወረቀቶቼን እይልኝ» ብላ አንድ ክላሰር ሙሉ ዘርግታ ነበር። ትራንስክሪፕት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የተተረጎመው ካርታ፣ ስቴትመንት። የሌለው አንድ ነገር ነው፦ ፎርሙ። ዲኤስ-160ን፣ በኢንተርኔት የሚሞላውን የቪዛ ማመልከቻ ማለቴ ነው። በእጇ ያለው ባርኮድና ፎቶ ያለበት የማረጋገጫ ገጽ ብቻ ነበር። ያ ገጽ የተሰጡትን መልሶች አያሳይም።

«ምን ተሞላ?» አልኳት። «እነሱ ናቸው የሞሉት።»

ቆንስሉ ከሁሉ በፊት የሚያነበው ግን ዲኤስ-160ን ነው። ክላሰሩን ላይገልጠው ይችላል፤ ሁለቱም ጊዜ አልገለጡትም። የማመልከቻ ቁጥሩንና የምሥጢር ጥያቄውን መልስ ከኤጀንሲው ለማግኘት መነታረክ ነበረባት። አገኘች፣ ከፈተችው፣ አተመችው፣ ቁጭ ብለን አነበብነው።

የሥራ መደቧ ከፍ ተደርጓል፤ የመረጃ ሠራተኛ የነበረችው «ማናጀር» ሆናለች። ፎርሙን ስትሞላ የረዳሽ ሰው አለ ወይ ለሚለው «የለም» ተብሏል። አሜሪካ ውስጥ የቅርብ ዘመድ አለሽ ወይ ለሚለውም እንዲሁ «የለም»። ፎርሙ የቅርብ ዘመድ የሚላቸውን በስም ይዘረዝራል፦ እጮኛ፣ ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት። እሷ ደግሞ ታላቅ ወንድሟ እዚያ አለ። ግሪን ካርድ አለው፣ ግብር ይከፍላል፣ የጭነት መኪና ይነዳል።

ዝም አለች። ቀጥላ «ወንድምሽ እዚያ ካለ ይከለክሉሻል፣ አንናገርም ብለውኝ ነበር» አለችኝ። ያኔ በኢንተርቪው ካልተጠየቅሽ አትናገሪ ማለታቸው መስሏት ነበር። ፎርሙ ላይ ተጽፎ ይሆናል ብላ አላሰበችም። የመጨረሻውን የፊርማ ገጽ የተጫኑትም እነሱ ናቸው። ሌላ ሰው ፎርም በመሙላት ሊረዳ ይችላል፤ የፊርማውን ቁልፍ መጫን ያለባት ግን አመልካቿ ራሷ ናት። ስትፈርም ደግሞ ሁሉም መልስ የእሷ ይሆናል።

ከሰማኋቸው የቪዛ ምክሮች ሁሉ ይህን ያህል ጎጂ የለም። ወንድም መኖሩ ያስከለክላል የሚል ሕግ የለም። ቆንስሉ ሊመዝነው ይችላል፣ ልክ ነው። መዋሸት ግን ሌላ በር ነው። 212(ኤ)(6)(ሲ) የሚባል አንቀጽ አለ። ቪዛ ለማግኘት አውቆ በዋና ጉዳይ ላይ የዋሸ ሰው አሜሪካ እንዳይገባ ያግዳል፤ እገዳውም ዕድሜ ልክ ነው። ልዩ ፈቃድ ካልተገኘ በቀር አይነሳም። 214(ቢ) ከዚህ አንፃር ሲታይ ቀላል ነው።

ወንድሟን መደበቅም ቢሆን ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ፎርሙ የማኅበራዊ ሚዲያ ስም ይጠይቃል። በጁን 2025 ደግሞ ተማሪዎች ገጾቻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ መመሪያ ወጣ። የዚህችን ልጅ ገጽ የከፈተ ሰው ወንድሟን ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ያገኘዋል፣ ሥሩም «ወንድም ጋሼ ኩራታችን» ተብሎ ተጽፎ።

ይስተካከል ወይስ ይተው?

ከሁሉም በላይ ያከራከረን ይህ ነበር። የእሷ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ሁለት ጊዜ ገብታለች፣ ስለ ወንድሟ ማንም አልጠየቃትም። «ያልተነካውን ለምን እቆሰቁሳለሁ? ዋሽተሽ ነበር ብለው ዕድሜ ልክ ቢዘጉኝስ?» አለች። እናቷም ከእሷ ጋር ነበሩ።

የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ከፍላ፣ ፋይሉን አሳይታ። ጠበቃው ያላት ነገር ክርክሩን ዘጋው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፎርሞች አላየሻቸውም፣ ውሸቱ መጻፉን አታውቂም ነበር። አውቆ መዋሸት የሚለው ነገር እዚያ ላይ ሊያከራክር ይችላል። አሁን ግን ታውቂያለሽ። ሦስተኛው ፎርም ላይ «የለም» ካልሽ ያ ሙሉ በሙሉ ያንቺ ነው።

ሌላም ነገር ነገራት። ማስተካከያ የሚጠቅመው ሳይጠየቁ፣ በራስ ፈቃድና በተቻለ ፍጥነት ሲሆን ነው። የእሷ ዘግይቷል፤ ሁለት ኢንተርቪው አልፏል። ስለዚህ ዋስትና የለም። ተይዛ ከምትናገረው ግን ራሷ ብትናገረው ይሻላል። ስትናገርም «ኤጀንሲው ነው» ብላ ብቻ እንዳታመልጥ መከራት። ኤጀንሲው ሞላ፣ እኔ ሳላነብ እንዲገባ ፈቀድኩ፤ እንዲህ ነው መባል ያለበት።

አንድ ዓመት የፈጀው ለውጥ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፎርም ነው። ፎርሙ ተስተካክሎ ቢዝነስ አናሊቲክሱና አጎትየው ባሉበት ቢቀጥሉ ግን ሦስተኛው እምቢታ የሚቀር አይመስለኝም።

አንድ ቀን «ማንም ገንዘብ ሰጥቶሽ የፈለግሽውን ተማሪ ቢልሽ ምን ትማሪያለሽ?» አልኳት። ሳታስብ «ባዮስታቲስቲክስ» አለች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አወራች። የምትሠራበት ፕሮጀክት የሚሰበስበው መረጃ ብዙ ቦታ ላይ የጎደለ ነው። የጎደለውን እንዴት እንደሚገመቱት የሚያውቅ ሰው ቡድኑ ውስጥ የለም፤ ከውጭ ባለሙያ በውድ ይቀጠራል። ያንን ሰው መሆን ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ ስትል ያስጠናት ሰው አልነበረም። ሁለቱ ቆንስሎች ይህን አንዱንም አልሰሙም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ፕሮግራሞች ፈለገች። ለብዙዎቹ ማመልከቻው የሚዘጋው ዲሴምበርና ጃንዋሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የዓመቱን ዙር መጠበቅ ግድ ሆነ። ኤጀንሲው ይህን እንደ ስንፍና ነው ያየው። እሷ በመሀሉ ሥራዋን ቀጠለች። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላትና የምርምር ረዳትነት ሰጣት። በሳምንት 20 ሰዓት ትሠራለች፣ የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ ወርኃዊ አበል ታገኛለች። 20 ሰዓት ኤፍ-1 ላይ ያለ ተማሪ ትምህርት ክፍት በሆነበት ወቅት በግቢው ውስጥ ሊሠራ የሚፈቀድለት ጣሪያም ነው።

ለአንደኛው ዓመት 7,000 ዶላር ገደማ ይጎድላል፤ መድን፣ ልዩ ልዩ ክፍያዎች፣ መቋቋሚያ። ከፊሉን ካጠራቀመችው ትሸፍናለች። የቀረውን ማን ይክፈል ሲባል ወንድሟ ሆነ። ኤጀንሲው ይህን ሲሰማ ራስሽን በራስሽ ልትገድዪ ነው ብሏት ነበር። እኔ በተቃራኒው ነው ያየሁት። የጭነት መኪና ሹፌር የሦስት ዓመት የግብር ማስታወቂያና የደመወዝ ወረቀት አለው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ምንጩ ግን ይታያል። አጎትየው ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ብድሩን ግን መልሰዋል፤ እፎይም ያሉ ይመስለኛል።

ትንሽ የገንዘብ ዝርዝር እዚህ ላይ አለ፤ ብዙዎች አያውቁትምና ልናገረው። ከቪዛው ክፍያ ሌላ የሴቪስ ክፍያ አለ፣ ለኤፍ-1 350 ዶላር። ቪዛ የተከለከለ ተማሪ ከመጀመሪያው እምቢታ ጀምሮ ባሉት 12 ወራት ውስጥ ለዚያው የቪዛ ዓይነት እንደገና ካመለከተ ይህን ዳግም አይከፍልም። ትምህርት ቤት ቀይሮ አዲስ የሴቪስ ቁጥር ቢያገኝም ክፍያውን ወደ አዲሱ ቁጥር እንዲያዛውሩለት መጠየቅ ይችላል። ኤጀንሲው እንደገና ክፈዪ ብሏት ነበር። እሷ 12 ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አዛወረችው።

ሦስተኛው

ፎርሙን ራሷ ሞላች፣ ራሷ ፈረመች። ተከልክለሽ ታውቂያለሽ ወይ? አዎ፣ ሁለቴ፤ ቀኖቹንና አንቀጹን ጻፈች፣ ምሬት አልጨመረችም። ወንድም? አለ፣ ቋሚ ነዋሪ። የሥራ መደቧ እንደነበረው ተጻፈ። ከዚህ ሌላ ያለፉት ፎርሞች የቱ ላይ እንደተሳሳቱ የሚያስረዳ አንድ ገጽ አዘጋጀች።

በኢንተርቪውው ቀን ቆንስሉ ገና ማያ ገጹን እያየ ሳለ ነው የጀመረችው። «ከጥያቄው በፊት አንድ ነገር ላስተካክል» አለች። ያለፉት ሁለት ፎርሞች ወንድም የለኝም ይላሉ፣ አለኝ፣ ሌላ ሰው ሞላው፣ ሳላነብ ገባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰውየው ቀና ብሎ አያት። ወንድሟ በምን መንገድ እንደሄደ ጠየቃት፤ መለሰች። ወረቀቱን ተቀበላት። ከዚያ ስለ ትምህርቱ ጠየቃት። የጎደለ መረጃ የሚለውን ስትነግረው ምሳሌ ስጪኝ አላት። ሰጠችው። ከሁሉም ኢንተርቪዎቿ ረጅሙ ይህ ነበር።

ቪዛውን ግን በዚያ ቀን አልሰጣትም። ሌላ ወረቀት ወጣ፣ 221(ጂ)። ጉዳዩ ተጨማሪ ማጣራት ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ እንደ 214(ቢ) የመጨረሻ «አይሆንም» አይደለም። ሆኖም ድረ ገጹ ላይ ሁኔታውን ስታይ «ተከልክሏል» ይላል፤ በማጣራት ላይ ያለ ጉዳይም እንደዚያ ነው የሚታየው። ይህን የማያውቅ ሰው ልቡ ይወርዳል። እሷም ሌሊት ደውላ አልቅሳለች።

ሳምንታት አለፉ። የትምህርቱ መጀመሪያ ቀን እየቀረበ መጣ። አይ-20 ላይ ያለው ቀን ካለፈ በዚያ ቅጽ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አስቀድማ ጻፈች። እስከ መቼ ዘግይታ መድረስ እንደምትችል፣ ካልሆነም ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ተዛውሮ አዲስ አይ-20 እንደሚሠራላት ጠየቀች። ሁለቱንም በጽሑፍ መለሱላት። ረዳትነቱን ለአንድ ሴሚስተር እንደሚያቆዩላትም ጨመሩ። ይህ መልስ ሳይመጣ በፊት ያቺ ልጅ መብላት አቁማ ነበር።

ቪዛው ትምህርቱ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ወጣ። ማጣራቱ ምን እንዳገኘ፣ ማን ምን ብሎ እንደጻፈ የነገራት የለም። የወንድሟ ጉዳይ አንድም ጊዜ እንደገና አልተነሳም። ኤጀንሲው ከሰማ በኋላ ፎቶዋን «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ገጹ ላይ ለጥፎታል። እንዲያወርዱት ጠይቃ በሁለተኛው ቀን አወረዱት። የከፈለቻቸውን ገንዘብ ግን አልመለሱላትም።

አሁን ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ናት። ቪዛዋ ሲያልቅ ለማሳደስ አዲስ ዲኤስ-160 መሙላቷ አይቀርም፣ ቪዛ ተከልክለሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚለው ጥያቄም እዚያው አለ። ቪዛ ስላገኘች ያለፈው እምቢታ አይሰረዝም፤ መልሱ በየጊዜው «አዎ» ነው። የሁለቱን እምቢታ ቀኖችና የዚያን አንድ ገጽ ቅጂ ኢሜይሏ ውስጥ አስቀምጣለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ የምትጽፈው መልስ ካለፈው ጋር እንዳይጋጭ።